የታንኳ ፓርቲ ብቸኛ ተቃዋሚ

ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ደብረ ማርቆስ ገበያ መሃል ቆሜ ሽንኩርት እመርጥ ነበር። ለወራት ሰዓት ማያ ብቻ ሆኖ የከረመው ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። የእኔ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ጮኸ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ እልል ያለችም ነበረች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን በወዲያ ጥግ አንዷ ጮኻ ወደቀች፤ ቀጥሎ ጨው ነጋዴው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ለወራት የተጠራቀመ መርዶ በአንድ ጊዜ ነው የደረሰን።

የእኔን የነገሩኝ ጋሼ ምናለ ናቸው። ከአምበር ወጣ ብሎ አሥራ አራት ዓመት በጸሐፊነት የሠራሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ እሳቸው የዚያ ዘበኛ ነበሩ።

«የሺ፣ አለሽልኝ?»

«አለሁ ጋሼ። እርስዎስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ሞት የናቀኝ ሽማግሌ። ይበልጣልን ገደሉት እኮ ልጄ።»

«መቼ?» አልኩ። ሰው ሲደነግጥ የማይረባ ነገር ነው የሚጠይቀው።

«ከርሟል። አርባውም ወጥቷል። ላንቺ የላካት ቃል አለች፣ እሷን እንኳ…»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለ። ሽንኩርቱን እዚያው ጥዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቃሉን እስክሰማ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት እህል በአፌ አልዞረም። ምን ብሎ ሊልክብኝ እንደሚችል አውቅ ነበርና ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ከመናገሬ በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ይበልጣል የጂኦግራፊ መምህር ነበር። እኩያዬ ስለሆነ አንተና አንቺ ነበር የምንባባለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ወደ ግራ ጋደል የሚል ሰው ነው። ጠመኔ የነካ ቀኝ እጁን በግራ ክርኑ ላይ የመጥረግ ልማድ ስለነበረበት ያቺ ክርን ክረምት ከበጋ ነጭ ነበረች። የተወለደው ዲማ አጠገብ ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ ልጃቸውን ለቅኔ ሲያስቡት እሱ ካርታ ወዶ ጠፍቶ አስኳላ ገባባቸው፤ እስኪሞቱም አላናገሩት። ሰው «አንተ የመሪጌታ ልጅ፣ እስቲ አንድ ጉባኤ ቃና ጣል አድርግልን» ሲለው፣ «እኔ ገና ቀጥ ያለውንም ተናግሬ አልጨረስኩ» ይል ነበር።

የሚያስተምርበት ክፍል ከቢሮዬ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሳልመዘገብ አሥራ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ተምሬያለሁ። በየሰዓቱ የሚደጋግማት አንዲት አባባል ነበረችው፤ «ሩቁን ያላየ የደጁን አይለይም» የምትል። ተማሪዎቹ ከመሰልቸታቸው የተነሳ ከአፉ ቀድመው በአንድ ድምፅ ይሉለታል። እሱም «በሉ እናንተ አስተምሩ፣ እኔ ልቀመጥ» ብሎ ወንበሩ ላይ እግሩን ይዘረጋል።

በእኔ ላይ የሚቀልደው በቀሪ ነው። ለማያውቅ ሰው፦ ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ አንድ ቅጂ ማህደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀሪ የሚባለው እሱ ነው። እኔ ያለ ቀሪ ብጣሽ ወረቀት ከእጄ አትወጣም። «የሺ ስትሞት» ይላል ሻይ ክበብ ውስጥ ሰው ሰብስቦ፣ «አንዷ ትቀበራለች፣ አንዷ ማህደር ትገባለች።» እኔም እሰድበዋለሁ። ማህተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ከማተቤ ጋር በጥቁር ክር አንገቴ ላይ ይውላል፤ በእሱም ይቀልድብኛል፤ «ወይዘሮ ማኅተመ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ቁልፉ ያኮራኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ጠመንጃ ሲይዝ እኔ ማህተም ነው የያዝኩት፤ ማንም ሰው ያለ እኔ ፈቃድ ከዚያ ትምህርት ቤት መልቀቅ እንኳ አይችልም።

በዚያ ዓመት ውጊያው ከተማችን ድረስ መጣ። ማን ከማን እንደተዋጋ አልናገርም። አንደኛ፣ እፈራለሁ። ሁለተኛ፣ ጠዋት እነዚህ ገቡ ሲባል ከሰዓት እነዚያ ገቡ ይባል ስለነበር ለቀባሪ ልዩነት አልነበረውም። ዳቦ ቤቷ የተቃጠለባት ሴት የማንን ጥይት ትርገም? ሁለቱንም ረገመች፤ ሁለቱም ገረፏት።

ትምህርት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት የአሥረኛ ቢ ክፍል የኋላ ግድግዳ በጥይት ተበሳስቶ አገኘነው። ጥግ ያለው ዴስክ ላይ የደረቀ ደም ነበረ። ጋሼ ምናለ በአመድ ፈተጉት፣ በኦሞ ፈተጉት፣ አልለቅ አለ። ተማሪዎቹ ለዚያ ግድግዳ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ አቃታቸው፤ በሰበብ በአስባቡ ዞር እያሉ ያያሉ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት ልጅ በር ሲንጓጓ ዴስክ ሥር ገብታ አልወጣም አለች።

ይበልጣል የገባው እሷን ካስወጣን በኋላ ነው። ግድግዳውን ቆሞ አየ። ጠመኔ አነሳና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ከበባቸው፤ ከፍ ያሉትን በወንበር ቆሞ፣ ዝቅ ያሉትን ተንበርክኮ። ሲጨርስ «ዴስካችሁን አዙሩ» አለ። «ይሄ ግድግዳ ሁሉ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። እነዚህ ደሴቶች ናቸው። አሁን ስለ አንዲት አገር ልንማር ነው።»

የአገሪቱን ስም ነግሮኝ ነበር፤ አፌ አልይዝ ስላለኝ «ደሴቲቱ» እያልኩ ቀረሁ። ሕዝቧ ተሰብስቦ ቢመጣ የደብረ ማርቆስ ገበያ ይበቃዋል ይል ነበር። ወሬዋን የሰማው በሬዲዮ ነው። በዚያች አገር ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንደራሴዎቿ የሚወዳደሩት እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ቆመው ነው። አሁን ጥቂት ዓሣ አጥማጆችና አንዲት ነርስ ተሰብስበው አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ፤ ምልክታቸውም ታንኳ ሆነ። ይኸው ነው ዜናው። ይበልጣል ግን ሻይ ክበብ ገብቶ ብርጭቆ እያጋጨ ጮኸ።

«ፓርቲ ተቋቁሞ እኮ አንድ ሰው አልሞተም! በጥፊ እንኳ የተመታ የለም!»

«ታዲያ ይሄ ዜና ነው?» አለው የሒሳብ መምህሩ።

«ከዚህ የበለጠ ዜና ከየት ታመጣልኛለህ? ጎጃም ውስጥ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሃል?»

የሒሳብ መምህሩ ሻዩን ጨልጦ ወጣ። እንዲህ ያለ ንግግር አጠገብ መቀመጥ በዚያን ጊዜ ደኅና አልነበረም።

ይበልጣል የደሴቲቱን ፓርቲ ክፍል ውስጥ ሊያቋቁመው ተነሣ። አርባ ሁለት ተማሪ አለ፤ ግማሹ የታንኳ ፓርቲ አባል ይሁን፣ ግማሹ ተቃዋሚ ሆኖ ይከራከር ተባለ። አርባ ሁለቱም ታንኳው ላይ ተሳፈሩ። ተቃዋሚ የሚሆን አንድ ሰው ጠፋ። ሊቀመንበር ሆና የተመረጠችው ትርንጎ የምትባል ምላሷ ምላጭ የሆነ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ «መምህር፣ ተቃዋሚ ሆኖ ማን አልፎለት ያውቃል?» ስትል በግድግዳው ሰማኋት።

«ተቃዋሚ የሌለው ፓርቲ አይባልም፣ የጽዋ ማኅበር ነው!» ብሎ ጮኸ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ማርክ እጨምራለሁ አለ። ሲያቅተው «በሉ እኔው ልሁን» አለና ብቻውን ተቃዋሚ ሆነ።

ክርክሩ በሚቀጥለው ማክሰኞ ነበር። ይበልጣል ተቃውሞውን አክርሮ ያዘ። ታንኳቸው እንደሚሰምጥ፣ ነርሷ ዓሣ ማጥመድ እንደማታውቅ፣ የፓርቲው አባላት ከንፋስ ጋር የሚዞሩ እንደሆኑ እያነሳ አበሳጫቸው። ጫጫታው እየጨመረ ሄዶ ድንገት ጸጥ አለ። ሮጬ ስገባ ይበልጣል ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ በሸሚዙ ላይ ይወርዳል፤ እንጨቱ የከበደ ዳስተር እግሩ ሥር ወድቋል። የወረወረው ልጅ ወንድሙ በዚያው ሰሞን የተገደለበት ነው፤ ከይበልጣል ይልቅ እሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይበልጣል ደሙን ጠመኔ በነካው እጁ ጠረገና ሳቀ። «በደሴቲቱ ሕግ ተቃዋሚን መምታት ክልክል ነው» አለ። «ተቀመጥ የኔ ልጅ። ንግግሬን አልጨረስኩም።» ከዚያም ጨረሰው።

ቢሮዬ ውስጥ ቁስሉን በአልኮል ሳጸዳለት ግን ሳቁ አልነበረም። «አየሽልኝ የሺዬ» አለ፣ «በጨዋታም እንኳ እጃችን አፋችንን ይቀድማል። ይሄን ካላስለቀቅኳቸው ምኑን አስተማርኩ?» እንደዚያን ቀን አዝኖ አይቼው አላውቅም።

የእኔ ጥፋት የመጣው በማግሥቱ ነው። ትርንጎ ወረቀት ይዛ ገባች። ከላይ «የታንኳ ፓርቲ አባላት ስም ዝርዝር» ይላል። አርባ ሁለት ስም ከነአባት ስሙና ከነፊርማው ተደርድሯል። ከሁሉም በታች ደግሞ «ተቃዋሚ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ይበልጣል ፈርሞበታል።

«እትዬ የሺ፣ ማህተም ይምቱልን።»

«በጨዋታ ወረቀት ላይ?»

«ማህተም የሌለውን ወረቀት ማን ያምነዋል? መሸኛ ስንጠይቅዎ ‹ያለ ማህተም ወረቀት አይባልም› የሚሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አፌን ያዘችኝ። ደግሞም ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። አሥራ አራት ዓመት ማህተም የመታሁት በዝውውር፣ በቅጣት፣ በስንብት ወረቀት ላይ ነው። አንድ ጊዜ በሳቅ ላይ ብመታ ምን አለበት አልኩ። ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ፣ ማህተሙን እፍ አልኩና ከፊርማዎቹ ግርጌ አሳረፍኩት። ክብ፣ ሐምራዊ፣ ጠርዙ ያልደበዘዘ ማህተም ወጣልኝ። መብራት ነበረና እጄ ሳላዘው አንድ ፎቶ ኮፒ አነሳ፤ «ልዩ ልዩ» የሚለው ማህደር ውስጥ አስገባሁት።

ዋናውን ክፍሉ ውስጥ ለጠፉት። ይበልጣል አይቶት ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«የሺ፣ ይሄ ጨዋታ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሰነድ ነው።»

ሊቀደው እጁን ዘርግቶ እንደነበር ትርንጎ በኋላ ነገረችኝ። ልጆቹ እንዴት አድርገው እንዳዩት ሲያይ ተወው። ከሠራቸው ስህተቶች የማውቀው ይሄን አንዱን ነው፤ ከእኔው ጋር ሲነጻጸር ስህተት አይባልም። በዚያው ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ወረቀቱን በስልኩ አነሳው።

ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። ስሞቹ ተጨፍልቀው አይነበቡም። «የፓርቲ አባላት ስም ዝርዝር» የሚለውና ማህተሙ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። ይበልጣል ይህን እንደሰማ ወረቀቱን ነቅሎ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አቃጠለውና «አመድ ሆኗል» ብሎ ነገረኝ። ስለ ቀሪ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። አሥራ አራት ዓመት የተሳለቀብኝ በእሱ ነው፤ በዚያን ሰዓት «አዎ፣ አስቀርቻለሁ» ማለት አሳፈረኝ። ነገ አወጣዋለሁ አልኩ። ነገም ነገ አወጣዋለሁ አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ስምንት ታጣቂዎች መጡ። ርዕሰ መምህሩ ከሳምንት በፊት ሸሽቷል። ተማሪውንም መምህሩንም ሰንደቁ ፊት አሰለፉን። አለቃቸው ድምፁ የሻከረ ጎልማሳ ነው፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶውን አሳየን።

«ይሄ ፓርቲ የማነው?»

ይበልጣል ከሰልፉ ወጣ። «የደሴት ነው።»

«የትኛዋ ደሴት?»

«ሩቅ ናት። ትምህርት ነው ወንድሜ። የጂኦግራፊ ትምህርት ነው።»

በሰደፍ አፉን አለው። ይበልጣል ደምና ጥርስ ተፋ፣ ቀና አለና «ግድግዳው ላይ ላሳይህ እችላለሁ» አለ። አለቃው በሰደፉ ደገመው። ይበልጣል በጉልበቱ ወደቀ፣ እኔ ከቆምኩበት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ።

«ስማቸው ያለበት ወረቀት የታለ?»

«አቃጥዬዋለሁ።»

«ሰዎቹስ የታሉ?»

አርባ ሁለቱ በሙሉ እዚያው ሰልፍ ላይ ናቸው። ትርንጎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አንዳቸውም ወደ አንዳቸው አልዞሩም። አለቃው ሌላ ጥያቄ አመጣ።

«ማህተሙን ማነው የመታው?»

ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ አንድ አፍ ቢከፈት አለቀልኝ። የተከፈተው የይበልጣል አፍ ነው።

«እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ ምሳ ስትወጣ ከመሳቢያዋ አውጥቼ።»

«ጸሐፊዋ ማናት?»

እጄን አወጣሁ። አለቃው መጥቶ ፊቴ ቆመ፤ የላቡ ሽታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

«መሳቢያሽ አይቆለፍም?»

ቁልፉ ከማተቤ ጋር ደረቴ ላይ ነበር። ቅዝቃዜው ሲሰማኝ ትዝ ይለኛል። «አይቆለፍም» አልኩ።

በዚህች ቃል ፈረድኩበት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመታኝም። ዝም እንኳ ማለት እችል ነበር።

አለቃው ከሰዎቹ ወደ ሁለቱ ዞሮ «ቢሮውን ፈትሹት» አለ። ቢሮዬ ከሰንደቁ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ «ልዩ ልዩ» የሚለው ማህደር መደርደሪያው ላይ ከግራ ሦስተኛው ነው። ሰዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ ይበልጣል የደም ሳቅ ሳቀ።

«ፊደል ሳትቆጥሩ ማህደር ምን ያደርግላችኋል?» አለ ጮክ ብሎ። አለቃውን ቀና ብሎ እያየ «እናትህ ጠመንጃ ከምታሸክምህ ዳዊት ባስደገመችህ!» አለው። ደገመለትም። እናቱን ሁለተኛ ሲያነሣ ቢሮው ተረሳ፤ በሩ ላይ የደረሱት ሁለቱም ተመልሰው ሮጡ።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም። ቀኝ እጁን የሰንደቁ ሲሚንቶ ላይ ዘርግተው ሁለት ቆመውበት፣ ሦስተኛው በሰደፍ ሰበረው። ድምፁ ጭራሮ ሲሰበር ይመስላል። ትርንጎ ስትጮህ ሰማይ ላይ ተኮሱ። ይበልጣል ራሱን ሲስት ውኃ አፈሰሱበት፣ ሲነቃ እንደገና ጀመሩ። ሲደክማቸው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሰው አብዷል፣ ሰው እንዴት ሞቱን በአፉ ይጠራል አልኩ።

ተማሪዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወጌሻ ቤት አደረሱት። ክሊኒኩ ተዘርፎ ባዶ ነበርና ሌላ አማራጭ የለም። ጣቶቹ ጠመው ገጠሙ። ከወር በኋላ ተመልሶ በግራ እጁ ማስተማር ጀመረ፤ ጽሕፈቱ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ሆነ። ጠመኔው ወደ ቀኝ ክርኑ ተሻገረ።

እንቁላል ይዤ ልጠይቀው፣ ስለ ቀሪውም ልነግረው ሄድኩ፤ ሳልነግረው ተመለስኩ። ሁለተኛም ሄድኩ። እሱ የሚያወራኝ ደሴቲቱ ላይ ምርጫ እንደደረሰ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች፤ የእኔ ግን ነቀዘ። ቀሪውን ከድብደባው በማግሥቱ ከማህደሩ አውጥቼ ቤቴ ወስጃለሁ፤ ላቃጥለው ክብሪት ጫርኩና አልቻልኩም። የልጆቹ እጅ ጽሑፍ ነው፣ የእሱም የቀኝ እጁ ፊርማ አለበት። ከዚያ ወዲያ በቀኝ እጁ አልፈረመም።

ትምህርት ቤቱ ዳግመኛ ሲዘጋ ወደ ደብረ ማርቆስ ልሸሽ ተነሣሁ። አብረን እንሂድ ስለው፣ «ተቃዋሚው ከሄደ የጽዋ ማኅበር መሆናቸው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ የበርበሬ ስልቻ ውስጥ ቀበርኩት። በመንገድ ሁለት ኬላ ላይ ፈተሹኝ፤ አንዱ ወታደር እጁን ስልቻው ውስጥ ሰዶ እስኪያለቅስ አስነጠሰውና «ሂጅ!» አለኝ።

እንግዲህ ፍርሃቴ ገብቷችኋል። ጋሼ ምናለ «ላንቺ የላካት ቃል» ሲሉ የመጣልኝ «አንቺ ነሽ ያስገደልሽኝ» የሚል ነው። ሌላ ምን ይላካል?

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ቁጭ በይ አሉኝ፤ ተቀምጫለሁ አልኳቸው፣ ቆሜ።

«እነዚያኞቹ ለቀው እነዚህ ሲገቡ ትምህርት ቤቱን ካምፕ አደረጉት» አሉ። «ያው ፎቶ እነሱም እጅ ገብቷል። ‹የጠላቶቻችን አባላት ናቸው፣ አርባ ሁለት ስም አምጣ› አሉት። እኔንም ዘበኛ ነህ ብለው አብረው አሰሩኝ፣ አሥረኛ ቢ ክፍል፣ ያ የተበሳሳው ግድግዳ ፊት። ሙሉ ቀን ሲገርፉት ዋሉ ልጄ። ጀርባው ላይ ቆዳ አልተረፈም። ኋላ ላይ እሺ፣ ጻፉ አላቸው።»

«ተናገረ?»

«ተናገረ። ከግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች እያየ የነዚያን ደሴቶቹን ስም ጠራላቸው። ሰው መስሏቸው ይጽፋሉ፤ አንዱማ ‹የአባት ስም ጨምር› ይላል። እኔ ከነሕመሜ ሳቄ መጣ። ብዙ ከጻፉ በኋላ አንዱ ነቃና ‹ይሄ የየት አገር ስም ነው?› አለ። ‹ነግሬያችሁ ነበር፣ ሩቅ ናት› አላቸው። በማግሥቱ ጠዋት አወጡት። ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሦስት ጥይት። በአህያ ጋሪ ጭኜ የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«ልጆቹስ?»

«በዚያ ወረቀት የተነካ አንድ ልጅ የለም። ትርንጎም ደብረ ኤልያስ አክስቷ ዘንድ ናት፣ ደኅና ናት።»

«ቃሉስ ጋሼ? የላከልኝ ቃል?»

«ሊያወጡት ሲሉ በጆሮዬ ነው ያለኝ። እኔ ትርጉሙ አልገባኝም፤ እንዳለኝ ልንገርሽ። ‹የሺን ቀሪውን ታቃጥለው በልልኝ። ቁልፉንም አንገቷ ላይ አታድርገው፣ ክሩ ይታያል።› ይኸው ነው።»

ስልኩን ምን ብዬ እንደዘጋሁት አላውቅም። ወለሉ ላይ ነበርኩ። እንግዲያውስ ያውቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የሳቀብኝን ልማዴን ሊረሳው ኖሯል? ሁለቱ ሰዎች ወደ ቢሮዬ ሲሄዱ ከግራ ሦስተኛው ማህደር ውስጥ ምን እንዳለ አውቆ ነው የሰውየውን እናት የሰደበው። እኔም «አይቆለፍም» ስል እሱ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ ከታች ወደ ላይ አንገቴን እያየ። ክሩን እያየ ነው ዝም ያለው።

ቁልፉን ከማተቤ ለይቼ ቆረጥኩት። የሚከፍተው ነገርም የለም፤ መሳቢያው የወታደር ማገዶ ሆኗል አሉኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከበርበሬው ውስጥ አወጣሁ። ስሞቹን ከትርንጎ ጀምሬ አንድ በአንድ ድምፄን አውጥቼ ጠራኋቸው፤ በየስሙ «አለ»፣ «አለች» እያልኩ ለራሴ መለስኩ። ዓይኔን የበርበሬው ብናኝ አቃጠለው፤ አለቀስኩም። ግርጌ ያለችውን አንዲት መስመር በመቀስ ለይቼ ቀሪውን ከሰል ምድጃው ላይ አኖርኩት።

አርባ ሁለቱን አቃጥያለሁ። ተቃዋሚውን ግን እስከ ዛሬ አላቃጠልኩትም።